ከየቤቱ አንድ ሰው

በእኛ ሠፈር የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ጡሩንባ ነፊያችን ባልቻ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነፍቶ ሲያበቃ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ለወጡት ሴቶች «ማንም አልሞተም! እንዳትሞቱ ነው!» አላቸው። ሴቶቹ ቅር አላቸው። ለለቅሶ ተሰናድቶ የወጣ ሰው ያለ ለቅሶ ሲመለስ ደስ አይለውም።

«የኮሮና ክትባት! ቅዳሜ ጠዋት! በእድሩ አዳራሽ! ከየቤቱ አንድ ሰው!»

«ከየቤቱ አንድ ሰው» የሚለውን ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቃል ነው። ባሌን ሊገድልብኝ ነበር።

ያኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚሁ አዳማ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት፣ መጨረስ ቁም ነገር በነበረበት ዘመን ስለሆነ ሠፈሩ እስከ ዛሬ «የተማረችው» ይለኛል። እኔም አልተቃወምኩም። ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ የእድሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። መዝገቡ፣ ማኅተሙና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ናቸው። ሰው መዝገብ ላይ ካልሰፈረ አለ ብዬ አላምንም ነበር፤ ከሰፈረ ደግሞ ሞቶም ቢሆን አለ።

ባሌ ተፈራ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያኔ ሰባ አራት ዓመቱ ነበር። ስኳር አለበት። ሲጋራውን ከተወ ቆይቷል፤ ሳሉ ግን እሱን አልተወውም። ሦስተኛዋ የቤታችን ሰው የልጃችን ልጅ ሄለን ናት። እኛ ጋ ሆና ኮሌጅ ትማራለች፤ መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ በሩን ስትዘጋ ጎረቤት ይሰማል። ጤነኛ ናት ለማለት ነው።

ባልቻ ከመለፈፉ በፊት ባለው ቀን የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጫልቱ ቤቴ መጣች።

«እማማ ሙሉ፣ አካም ቡልተን?» አለችኝ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ፈያ፣ ግቢ ልጄ።»

አልተቀመጠችም። ሥራ የሚወድ ሰው አይቀመጥም። «እንግዲህ እርስዎ ካስለፈፉ ሰው ይመጣል» አለችኝ። «የሚላክልን ክትባት ብዙ አይደለም። መጀመሪያ አዛውንቶቹን ነው የምፈልገው። ስኳር ያለበትን፣ ግፊት ያለበትን፣ አስም ያለበትን። ወጣቱ ቀስ ብሎ ይደርሰዋል። ከየቤቱ የደከመውን ሰው ይላኩልኝ።»

«በሥርዓቱ አስለፍፋለሁ» አልኳት።

እሷ ያለችው «ከየቤቱ የደከመውን ሰው» ነው። እኔ የጻፍኩት «ከየቤቱ አንድ ሰው» ብዬ ነው። ያን ሁሉ ዓመት መዝገብ ቤት ስቀመጥ የዱቄት ከረጢት እንኳ ጎድሎብኝ አያውቅም፤ ቃል ጎደለብኝ። ለምን እንደጎደለ በቦታው እናገራለሁ።

እድር የሚቆጥረው ሰው ሳይሆን ቤት ነው። ከቤቱ አንድ ሰው ከተገኘ ቤቱ ተገኝቷል፤ ሌላው ቢተኛ፣ ቢዞር፣ ሞጆ ሄዶ ቢያድር ማንም አይጠይቀውም። ደግሞም ድንኳን ለመትከል፣ ወንበር ለመሸከም ሰው ሲጠራ ቤቱ የሚልከው ጠንካራውን ነው። ወገቧን የሚያማትን አሮጊት ለድንኳን የሚልክ ቤት የለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያን ቃል የጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሲስተር ጫልቱ የበረዶ ሣጥኗን ተሸክማ ገብታ ወንበሮቹን አየች። ፂማቸውን ገና መላጨት የጀመሩ፣ ጆሯቸው ውስጥ ሙዚቃ የሰኩ፣ በስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ልጆች ተደርድረዋል። ሄለን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናት።

«እማማ፣ ይሄ የእግር ኳስ ቡድን ነው እንዴ? አባቶቹና እናቶቹስ?»

«ወክለዋል» አልኳት።

«ምን አደረጉ?»

«ልጆቻቸውን ወክለዋል። በእድር ደንብ…»

«ክትባት? በውክልና?»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ጣልቃ ገቡ። በዕድሜ ከተፈራ ይበልጣሉ። ሰው የሚያቋርጡት በደግነት ነው። «ልጄ፣ እኛ እዚህ ሰው የምንቀብረው በውክልና ነው። ይሄማ መርፌ ነው።»

«እርስዎስ ጋሽ ደበሌ?»

«የኔ ልጅ ያው፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ።»

«ልጅዎ ምሳ ሲበላ እርስዎ ይጠግባሉ?»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ደበሌ። ሌላ የሆነበትን ምክንያት ግን አልነገሯትም፤ የእድር ዳኛ ምክንያት አይጠየቅም።

ሲስተር ጫልቱ ባልቻን በየቤቱ ላከችው። አዛውንቶቹ አሁኑኑ ይምጡ አለች። ባልቻ ዞሮ ዞሮ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። «ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ ልጃችን ሄዷል፣ ልጃችን ሄዳለች። ጎረቤትዎ አዴ ፋጡማ ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ ልትቆጥሩኝ ነው ወይ ብለው ተቆጡ።» ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ የሚጣል ነገር ስለሆነ፣ ሲስተር ጫልቱ ከንፈሯን ነክሳ የመጡትን ወጋች።

እኔ በየቤቱ ስም አንጻር ምልክት አደረግሁ። «አቶ ተፈራና ቤተሰቡ» ከሚለው ፊትም አደረግሁ። ሄለን ክንዷን እያሻሸች ወደ ቤት ገባች። ተፈራ ያን ቀን ቤት ዋለ። እኔን ማንም ተከተቢ አላለኝም። ብዕር የያዘ ሰው አይቆጠርም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሠፈሩ በኩራት ኖረ። ሰው ለሰው ሰላምታ ሲሰጥ «ተከትበናል፣ ተመስገን» ይል ነበር። አፍ መሸፈኛው ወደ አገጭ ወረደ፣ ከአገጭ ወደ ኪስ ገባ።

አንድ ሰኞ ሄለን አስነጠሳት። ማክሰኞ ተሽሏት ኳሷን ይዛ ወጣች። ረቡዕ ተፈራ አተኮሰው። እህቱ ከሁሩታ ደወለችና ሳላበቃላት «ምች ነው! ዳማከሴ አሽታችሁ ቀቡት!» አለች። ጓሮ ሄጄ ዳማከሴውን ቀጥፌ፣ ጨምቄ ቀባሁት፤ አስሸተትኩት።

«ይሄ ምች» አለኝ ቅጠሉ አፍንጫው ላይ ሆኖ፣ «አፋር በረሃ ላይ በቀትር ጎማ ስቀይር ሳያገኘኝ፣ ጡረታ ወጥቼ ሶፋ ላይ አገኘኝ?»

«ዝም ብለህ አሽትት።»

«ጸሐፊዋ ካልሽ እሺ። መዝገብ ላይ አስፍሪልኝ፤ አሽትቷል ብለሽ።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ምሳውን ይዤ ገባሁ። ሾርባውን አየና «ይሄ ደግሞ…» ብሎ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስድብ ጠበቅሁ። አልመጣም። አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ተፈራ ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ አይፈቅድም እንጂ፣ የራሱን ሳይጨርስ ቀርቶ አያውቅም። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከንፈሩ ሰማያዊ ቀለም የነካው ይመስላል።

ሄለን ባጃጅ ይዛ መጣች። ሁለታችን ደግፈን አስገባነው፤ ወንበሩ ላይ ስለተጋደመ ለሦስተኛ ሰው ቦታ አልነበረም፤ እሷ ቀረች። ነጂው የተፈራን ትንፋሽ ሲሰማ አገጩ ስር የነበረውን መሸፈኛ ወደ አፍንጫው ሳበ። «እማማ፣ ኮሮና ነው እንዴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየ።

«ተከትበናል» አልኩት።

«እፎይ» ብሎ መሸፈኛውን መልሶ አወረደ። ያን ልጅ ዛሬም አንዳንዴ አስበዋለሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ተፈራን በተሽከርካሪ ወንበር ወሰዱት። ጣቱን እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚይዝ ትንሽ ነገር አስገቡለት። ነርሱ ቁጥሩን አይቶ ሮጠ። ወዲያው አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች፤ ከመሸፈኛው በላይ የሚታየው ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። ኦክስጅን ሲያደርጉለት እሷ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

አማርኛችን ሰው ሲያከብር ያበዛዋል። «ተከትበዋል?» ማለት እርስዎ ማለት ነው፤ እሳቸው ማለትም ነው፤ እነሱ ማለትም ነው። አንድ ሰው ሦስት ሰው ጀርባ እንዲደበቅ የሚፈቅድ ቋንቋ ነው። ዶክተሯ ተፈራን በዓይኗ እያሳየች «ተከትበዋል?» አለችኝ።

«ተከትበናል።»

ጻፈች። «ካርዳቸውን ይዘዋል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እኔ ወረቀት አልጥልም። ሰጠኋት። አነበበችው። ገልብጣ አየችው። «ሄለን… አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ይሄ የማን ነው?»

«የቤታችን።»

«እማማ፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ እሳቸው ነው።»

«ገባኝ። እሷ እሳቸውን ወክላ ነው የተወጋችው።»

ዶክተሯ እጄን ያዘች። በድንጋጤ የቀባዠርኩ መስሏት ነው። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «ቁጭ ይበሉ፤ ውኃ ይምጣልዎት?» አለችኝ። እኔ ግን ደንቡን አስረዳኋት። ቤት እንደሚቆጠር፣ ሰው እንደማይቆጠር። በእድሩ መዝገብ ላይ ምልክት እንዳለ፣ ካስፈለገም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ማምጣት እንደምችል ነገርኳት። ነርሱ ሥራውን አቁሞ ያዳምጠኛል። ስናገር ለጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር። ሰው የራሱን ቃል በሌላ ሰው ፊት ላይ ካላነበበው አይሰማውም።

ከአልጋው ላይ የሚንኳኳ ድምፅ መጣ። ተፈራ ከኦክስጅኑ ጭምብል ስር ይስቃል። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ወደሌላ ነገር። ሁለቱም ትተውኝ ወደ እሱ ሮጡ፤ መጋረጃውን ሳቡት።

ዶክተሯ ስትወጣ ስምንት ሰዓት አልፏል። «እስኪመሽ እናያቸዋለን» አለች። «ኦክስጅኑ ከያዘላቸው ጥሩ። ካልያዘላቸው ወደ አዲስ አበባ እንጽፋለን፤ እዚያም አልጋ ስለመኖሩ ልነግርዎት አልችልም።»

«ቢከተብ ኖሮ አይዘውም ነበር?»

«ሊይዛቸው ይችል ነበር። እንዲህ ክፉኛ የመታመም ዕድላቸው ግን ያንስ ነበር።» መዋሸት የማትችል ልጅ ናት። ምናለ ዛሬ ብትችል ብዬ ነበር።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ካለ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ ፊቴ ላይ ይበትናል። የአዳማ ነፋስ ሰው አይመርጥም። እንግዲህ የጎደለውን ቃል ነገር የምናገርበት ቦታ እዚህ ነው።

መርፌውን ፈርቼ ነው። የሰማችሁትን ሁሉ እኔም ሰምቼ ነበር፤ የተከተበ በሁለት ዓመቱ ይሞታል፣ ደሙ ይረጋል፣ ክንዱ ብረት ይስባል። የተማረችው እኔ በሰው ፊት ስቄባቸዋለሁ። ሄለን የተከተበች ዕለት ግን ከሰዓት በኋላ ስትተኛ በእግሬ ጣት ገብቼ፣ የሻይ ማንኪያ ክንዷ ላይ አስጠግቻለሁ። ማንኪያው ወደቀ። ልጅቷ ነቅታ «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ሻይ ትጠጪ እንደሆነ ልጠይቅሽ» አልኳት። ማንኪያው ቢወድቅም ፍርሃቴ አልወደቀም። ሲስተር ጫልቱ «የደከመውን ሰው» ስትል የኔም ዕድሜ እዚያ ውስጥ እንዳለ ገብቶኛል። ያን ቃል ባወጣው ደንቡ ያወጣኛል። ፍርሃት ብቻውን ሲሆን ነውር ነው፤ ደንብ ሲያገኝ ሥርዓት ይባላል።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደበሌ ናቸው።

«እትዬ ሙሉ፣ እንዴት ሆነ?»

«ኦክስጅን ላይ ነው።»

«ያድነው፣ ያድነው። ክፉ አይንካው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ… ድንኳኑን ነገ ለሠርግ ልንሰጠው ነበር። ምናልባት… ማለቴ፣ አያድርገውና… እናቆየው ይሆን? ለማንኛውም የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው። ባልቻን ልላከው?»

እድራችን እንዲህ ያለ አሳቢ ነው። ባሌ ቀድሞ ያልቅ እንደሆነ ድንኳኑ እንዳይዘገይበት ይጨነቃል። ቁልፉ ከቦርሳዬ ወጥቶ እጄ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም።

«ቁልፉ የለኝም» አልኳቸው።

«እንዴት? ሁልጊዜ እርስዎ ጋ…»

«ጠፍቶብኛል። ድንኳኑን ለሠርጉ ስጡ። በሩን ስበሩት።»

ዘጋሁት። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፉ ሰዎች ብረቱን በድንጋዩ ላይ እያንጓጉ ያልፋሉ። ባለፉ ቁጥር ወደየትኛው በር እንደሚዞሩ አያለሁ። አንዱ ወደ ተፈራ ክፍል ዞረ፤ ባዶውን ይዞ ወጣ። ሌላ አንድ ሰዓት። ሌላ ሲሊንደር። የሰው ሕይወት በመንኮራኩር እየተገፋ ሲገባ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሄለን በእግሯ መጣች። በር ላይ ዘበኛው ስላላስገባት በብረቱ አጥር ቀዳዳ ጠራችኝ። ፊቷ በለቅሶ አብጧል።

«እማ፣ እኔ ነኝ አይደል ያስያዝኩት?»

«አንቺ የተላክሽበትን ፈጽመሻል» አልኳት። «ሂጂና በሩን ቆልፊ።»

ቁልፉ መዳፌ ላይ ጥርሱን አትሞ ነበር፤ ያን በአጥሩ በኩል አላሳየኋትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዶክተሯ ወጣች። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ከመሸፈኛው በላይ የሚነበብ አልነበረም። «ይዞላቸዋል» አለች። «ቁጥሩ ወጣ ብሏል። ገና ነው፤ ግን ይዞላቸዋል።» አመሰገንኳት።

ተፈራ አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። ወደ ቤት ሲመለስ ሱሪው ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ፣ እሑድ፣ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ሲስተር ጫልቱ ሣጥኗን ይዛ እንድትመጣ ራሴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለምኛታለሁ። ባልቻንም ቃሉን ሳላጎድል አስለፍፌዋለሁ። አዛውንቶቹ ለስብሰባው መጡ፤ «ለክትባቱ ወደ ፊት» ስል ግን ከወንበር የተነሣ የለም።

«ቤታችን ተቆጥሯል» አሉ የአጥር ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ። «ራስሽ ነሽ የቆጠርሽው። ጽፈሽ።»

«በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነው» አሉ ጋሽ ደበሌ። «እንዲህ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ደንብ ምን ይሠራል?»

መዝገቡን ገለጥኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ምልክቶቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። በየአንዳንዱ ምልክት ላይ መስመር አሰመርኩበት። በዚያ መዝገብ ላይ እኔ ስርዝ አድርጌ አላውቅም፤ ስለዚህ ሰዉ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሲስተር ያለችኝ፣ የደከመውን ሰው ላኩ ነው» አልኩ። «የደከመውን የሚለውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አይደለም። መርፌውን ፈርቼ ነው። ብቻዬን እንዳልፈራ ደንብ አወጣሁላችሁ።»

እንዲያፍሩብኝ ጠበቅሁ፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። አዴ ፋጡማ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ዋ! ሙሉ! እኛስ ያን ደንብሽን የወደድነው ምን መስሎሽ ነው? አንብበነው?»

አዳራሹ ሳቀ። የመጀመሪያው ሳቅ አፉን የሸፈነ ነበር፤ ኋላ ግን ተለቀቀ።

«እኔ ሰባት ወልጄ መርፌ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል» አሉ አዴ ፋጡማ። «አሁን ማን ይሙት፣ ያልፈራ አለ?»

«እኔ ፈርቼ አይደለም» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ምን ሆነህ ነው ታዲያ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«የምን ሥራ? ከዘራ መደገፍ?»

እኔ እነሱን ያሳሳትኳቸው መስሎኝ ስንት ቀን ተቃጥያለሁ። ለካ ማንም አልተሳሳተም። ቃሉ የጎደለ ዕለት ሠፈሩ በሙሉ መጉደሉን አውቋል፤ አውቆም አመስግኗል። ሁላችንም ፈርተን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር፣ ልጆቻችንን ወደ ፊት ገፍተናል። የኔ ጥፋት መሪ መሆኔ ነው።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ግራውን» አለች ሲስተር ጫልቱ። አልተሰማኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ዓመት የጡሩንባው፣ የባጃጁና የቁልፉ ውሸት ይበቃኛል። ተሰምቶኛል። ቀጥሎ አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአላህ ስም ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ደበሌ ሦስተኛ ሆኑ፤ ሲወጉ «አለቀ እንዴ?» ብለው የተናደዱ ይመስሉ ነበር። ሁሉም ተከተበ ብዬ ብጽፍ መዝገቡን መልሼ ማበላሸት ይሆንብኛል። በኋላ በር ሹልክ ያሉም አሉ። ከነዚያ የአንዱን ስም ባልቻ በዚያው ዓመት በጡሩንባ ለፍፎታል። እዚህ አልጽፈውም።

እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። መዝገቡ ተለውጧል፤ አሁን «እና ቤተሰቡ» የሚል መስመር የለውም። እያንዳንዱ ሰው በስሙ ነው፤ ገጹ በዝቶ ጋሽ ደበሌ ያማርራሉ። እኔም «እኛ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት። «ተከትበናል» የሚላችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ዘመድም ቢሆን፣ በትሕትና «የማን ክንድ ነው?» በሉት። ቅር ካለው ቅር ይበለው። ተፈራ ተርፏል፤ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ ግን ሁለት ጊዜ ያርፋል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጎድሎታል» አለ።

«ምኑ?»

«ኮቱ።»

ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቃል ስታጎድዪ… ያየነው… አይበቃም? ጻፊው።»

እንግዲህ ልጻፈው። ያን ቅዳሜ ተፈራ ቤት የዋለው ፈርቶ አይደለም። ጠዋት ተላጭቶ፣ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ መርፌው እንዲመች የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ፈትቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔም ልሂድ?» አለኝ። እሱ ከሄደ እኔ ለመቅረት ምክንያት አላገኝም። «ሄለን ሄዳለች፤ አንተ ተቀመጥ» አልኩት። ኮቱን አወለቀና ምስማሩ ላይ ሰቀለው።